አፕል ብረቱን አልቆለፈብንም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን እዚህ ደሴና ኮምቦልቻ ብዙ ሰው ሲቀባበለው የከረመ አንድ ጽሑፍ አለ። ላልደረሳችሁ ፍሬ ነገሩን ላስቀምጠው። አፕል በ2010 ሊኩዊድሜታል የሚባል ኩባንያ ገዛ ይላል። ኩባንያው ከቲታኒየም የሚጠነክር ተአምረኛ ቅይጥ ብረት ነበረው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ማንም ሊነካው አይችልም። ስልካችን ወድቆ የሚሰበረው ጠንካራው ብረት ሆን ተብሎ ስለተቆለፈ ነው። ቁልፉም የዘላለም ነው። የፈጠሩት ሰዎች ምንም አልተጠቀሙም። የኮምቦልቻ ልጅ ነገ ተነስቶ ልሥራው ቢል ሕግ ይይዘዋል። ስለዚህ ኢትዮጵያ የፓተንት (የፈጠራ መብት) ሕጓን አሽቀንጥራ ትጣል።

ጽሑፉ ይነበባል። ቁጭቱም ይገባኛል። ግን እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ በቶርኖና በብየዳ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። የብረት ወሬ ሲነሳ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ነጥብ በነጥብ ልሂድበት። ዓመቶቹን ጸሐፊው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለጻፏቸው እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ።

«አፕል ኩባንያውን ገዛው።» አልገዛውም። ኦገስት 5 ቀን 2010 የተፈረመው የፈቃድ ውል ነው። ሊኩዊድሜታል የፓተንት መብቶቹን ለዚሁ ጉዳይ ለተቋቋመ ሌላ ድርጅት አዛወረ። ያ ድርጅት ለአፕል ብቸኛ የመጠቀም መብት ሰጠ። መብቱ ዓለም አቀፍ ነው፣ ክፍያውም አንዴ ተከፍሎ ያለቀ ነው። ግን አንድ ገደብ አለው፤ ለኤሌክትሮኒክስ መገልገያዎች ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ያለውን ሁሉ ሊኩዊድሜታል መልሶ ለራሱ ወሰደ። የሕክምና መሣሪያ፣ የመኪና ዕቃ፣ የስፖርት ዕቃ፣ ሁሉም እሱ ጋር ቀረ።

ለእኛ አገር ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ቦርከና ዳር ማሳ ያለው ገበሬ መሬቱን ለአንዱ ለጤፍ ብቻ ሊያከራይ ይችላል። ዳር ላይ ያለው ባሕር ዛፍ ግን የራሱ ነው። ተከራዩ ጤፉን ሌላ ሰው እንዳይዘራበት ይከለክላል እንጂ ባለ መሬቱን ከቀዬው አያባርረውም።

የሰዓቱን ነገር ብቻ ብናይ ይበቃል። የስዊሱ ስዋች ግሩፕ የራሱን ፈቃድ ከሊኩዊድሜታል ወስዷል። የዚሁ ግሩፕ የሆነው ኦሜጋ በ2009 ይህን ቅይጥ በሰዓቱ መስታወት ዙሪያ ባለው ቀለበት ላይ ተጠቅሞበታል። የአፕል ውል ከተፈረመም በኋላ ኦሜጋ ሰዓቱን ማምረት አላቆመም። አፕል «ብረቱን» ገዝቶት ቢሆን ኖሮ ይህ ከየት ይመጣል?

«የፈጠሩት ምንም አልተጠቀሙም» የሚለውን እዚሁ ልጨርሰው፤ ብዙ አያነጋግርም። አፕል ለመብቱ 20 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ለአፕል የኪስ ገንዘብ ነው። ዓመታት በኪሳራ ለቆየ ትንሽ ኩባንያ ግን እስትንፋስ ነው። ዋጋው አነሰ ካሉ እስማማለሁ። ምንም የሚለው ግን ውሸት ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። «ማንም ሌላ ሊነካው አይችልም።»

መጀመሪያ ብረቱ ምን እንደሆነ ይታወቅ፤ ጸሐፊው ተአምር ብለው አልፈውታልና። ተራ ብረት ቀልጦ ሲቀዘቅዝ አቶሞቹ በረድፍ በረድፍ ይደረደራሉ። ይህ ዓይነቱ ቅይጥ ግን በፍጥነት ከቀዘቀዘ አቶሞቹ ለመደርደር ጊዜ አያገኙም። እንደተዘበራረቁ ይደርቃሉ። የመስታወት አቶሞችም እንዲሁ ናቸው፤ ለዚህ ነው ሳይንቲስቶቹ የብረት መስታወት የሚሉት። ሊኩዊድሜታል በእንግሊዝኛ «ፈሳሽ ብረት» ማለት ስለሆነ እንደ ሜርኩሪ የሚንከባለል የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ አይደለም። ድርቅ ያለ ጠጣር ብረት ነው። ሊኩዊድሜታል የንግድ ስሙ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራው በ1960 ካሊፎርኒያ ውስጥ በካልቴክ ዩኒቨርሲቲ ነው። ፖል ዱዌዝና ባልደረቦቹ ወርቅና ሲሊከን ቀላቅለው አቀለጡ። ቅይጡ እንዳይደረደር በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ መቀዝቀዝ ነበረበት። በዚህ ፍጥነት የሚገኘው ደግሞ ከወረቀት የቀጠነ ቁራጭ ብቻ ነው። ስልክ አይሠራበትም። በኋላ ጃፓን ውስጥ ቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ አኪሂሳ ኢኖዌ የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ረጋ ብለው ሲቀዘቅዙም የማይደረደሩ ቅይጦችን አገኘ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እዚያው ካልቴክ አታካን ፔከርና ዊሊያም ጆንሰን የራሳቸውን ቅይጥ ይዘው ብቅ አሉ። የእነሱ በሰከንድ አንድ ዲግሪ ገደማ ቢቀዘቅዝም ይበቃዋል። የሊኩዊድሜታል ንግድ የተነሳው ከዚህ ነው።

እንግዲህ አንድ ብረት አይደለም። የብረት ቤተሰብ ነው። ጃፓኖቹ የራሳቸው አላቸው፣ ቻይናዎቹ የራሳቸው አላቸው። አፕል ያገኘው መብት ሊኩዊድሜታል በያዛቸው ፓተንቶች ላይ ነው እንጂ በተፈጥሮ ሕግ ላይ አይደለም። በ2020 ሁዋዌ ሜት ኤክስ ኤስ የሚባል ተጣጣፊ ስልክ አወጣ። ማጠፊያው ዚርኮኒየም ካለበት ፈሳሽ ብረት የተሠራ መሆኑን ራሱ እየኮራ አስተዋወቀ። ልብ በሉ፤ ስልክ ነው። አፕል ብቻውን ያዘው በተባለው መስክ ውስጥ፣ የአፕል ተፎካካሪ። ጽሑፉ ይህን ለምን እንደዘለለው አላውቅም።

«ስልካችን የሚሰበረው ብረቱ ስለተቆለፈ ነው።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ሁሉ የወደደው ይህን ነጥብ ነውና። ደሴ ፒያሳ ወርዳችሁ የሞባይል ጥገና ቤቶቹን ጠይቁ። ሰው ይዞ የሚመጣው ምንድን ነው? የተሰነጠቀ ስክሪን ነው። የሞተ ባትሪ ነው። የላላ የቻርጅ መሰኪያ ነው። ውሃ የገባበት ስልክ ነው። ቀፎዬ ተሰበረ ብሎ የሚመጣ ከስንት አንዴ ነው። ስክሪኑ መስታወት ነው፤ ዙሪያውን በወርቅም ክበቡት በፈሳሽ ብረት፣ ሲወድቅ ይሰነጠቃል። ቲታኒየም ቀፎ ያለው ስልክም ስክሪኑ ይሰነጠቃል።

ቀጥሎ ደግሞ ይህ አለ። ቁልፉ አፕል እጅ ከሆነ፣ አፕል ራሱ ለምን ቀፎ አልሠራበትም? በ2014 አይፎን 6 ኪስ ውስጥ ይጣመማል ተብሎ ዓለም ሳቀበት። በወቅቱ አፕል የፈሳሽ ብረቱን ፈቃድ ከያዘ አራት ዓመቱ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ያደረገው ምንድን ነው? ጠንከር ወዳለ አሉሚኒየም፣ ሰባት ሺህ ተከታታይ ወደሚባለው፣ ተዛወረ። በ2023 ደግሞ በአይፎን 15 ፕሮ ወደ ቲታኒየም ሄደ። የተቆለፈው ሳጥን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ያለ ሰው፣ ሲቸግረው ሳጥኑን ካልከፈተ፣ ሳጥኑ ውስጥ የሚታሰበውን ያህል ነገር የለም ማለት ነው። በአፕል ምርት ላይ ፈሳሽ ብረት መኖሩ በገሃድ ከታወቀባቸው ቦታዎች አንዱ የሲም ካርድ ማውጫዋ መርፌ ናት። አዎ፣ ያቺ በየሳጥኑ የምትመጣዋ፣ ሁላችንም የምንጥላት። እሷም ከ2010 ውል በፊት የተሠራች ናት።

ምክንያቱ የሴራ ሳይሆን የአሠራር ነው። ብረት ለሚሠራ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ቅይጡ ጥንካሬው እውነት ነው፤ ከተለመደው የቲታኒየም ቅይጥ ሁለት እጥፍ ገደማ ጭነት ሳይጣመም ይችላል። ሲለቁት ወደ ቦታው የሚመለስበት አቅሙም ከሌሎች ብረቶች ይበልጣል። ለማጠፊያና ለትንንሽ ክፍሎች የተመረጠው ለዚህ ነው። ግን አቅሙ ካለፈ ሌላ ብረት እንደሚያደርገው ቀስ እያለ አይጣመምም። ድንገት ጧ ይላል። ትልቅና ወፍራም አድርጎ ማውጣትም አይቻልም፤ መሃሉ ቶሎ ስለማይቀዘቅዝ አቶሞቹ ይደረደራሉ፣ ጥንካሬው ይሄዳል። ሲቀልጥ አየር ከነካው ይበላሻል። ስለዚህ አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ መቅለጥና ፎርማ ውስጥ መገፋት አለበት። ብየዳ ብነካው ሙቀቱ ያበላሸዋል። እኔ እንግዲህ ብየዳ የማይወድ ብረት ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ ነው የምሸሸው።

ክብደቱም አለ። አንድ ሴንቲሜትር ኪዩብ አሉሚኒየም 2.7 ግራም ይመዝናል። ቲታኒየም 4.5 ያህል። ይህ ቅይጥ ከ6 ግራም ያልፋል። ኩባንያዎቹ ስልክ በጥቂት ግራም ቀለለ ብለው መድረክ ላይ በሚወጡበት ዘመን ይህን ማን ይመርጣል? ዋናው የካልቴክ ቅይጥ ውስጥ ደግሞ ቤሪሊየም አለ። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ከገባ የማይድን በሽታ ያመጣል። ፋብሪካ ውስጥ ሲፋቅና ሲሞረድ ጥንቃቄው ቀላል አይደለም።

ፔከር፣ ፈጣሪው ራሱ፣ በ2012 ለጋዜጠኛ ሲናገር አፕል ቴክኖሎጂውን ለማብሰል ከ300 እስከ 500 ሚሊዮን ዶላርና ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ሊወስድበት እንደሚችል ገምቶ ነበር። ለመብቱ የተከፈለው 20 ሚሊዮን ነው። ልዩነቱን እዩት። ውድ የሆነው ወረቀቱ አይደለም። ማቅለጫው ነው፣ ፎርማው ነው፣ ሺህ ጊዜ እያበላሹ መማሩ ነው።

እውነት ለመናገር ከዚህ ነጥብ ውስጥ አንድ ፍሬ አለ፤ ጸሐፊው አላወጡትም እንጂ። አንድ ግዙፍ ኩባንያ አንድ መስክ ሙሉውን ብቸኛ መብት ወስዶ ዝም ቢል፣ ሌላ ትንሽ ድርጅት በዚያው መስክ ሊሞክር የሚችለው ሙከራ ይቀራል። ከ2010 በፊት ሳንዲስክ የፍላሽ ዲስክ መያዣ በዚህ ቅይጥ ሠርቶ ነበር። ቨርቱ የሚባሉት ውድ ስልኮች ላይም ነበረ። ከውሉ በኋላ ከሊኩዊድሜታል በር ላይ እንዲህ ያለው ደንበኛ ሊቆም አይችልም። ሥሩ ወይ ልቀቁ የሚል ግዴታ የሌለው ብቸኛ መብት መጥፎ ነው። ይህን ብለው ቢሆን ከጎናቸው እቆም ነበር። እሳቸው ያሉት ግን ኩባንያዎች ስልክ እንዲሰበር ብረት ይደብቃሉ ነው። ሌላ ነገር ነው።

«ቁልፉ የዘላለም ነው።» ውሉ ላይ ጊዜ የማይገድበው ፈቃድ የሚል ቃል እንዳለ እውነት ነው። ጸሐፊው ያንን አይተው ደነገጡ። ግን ፈቃዱ ከመብቱ አይረዝምም። ፓተንት የሚቆየው በአብዛኛው ማመልከቻው ከገባ 20 ዓመት ነው። የፔከርና የጆንሰን ዋና ፓተንት ማመልከቻው የገባው በ1993 ነው፤ በ1994 ተሰጠ። 2013 ላይ አለቀ። አፕል ሲፈርም ሦስት ዓመት ነበር የቀረው! ከዚያ በኋላ የተመዘገቡ የአሠራር ፓተንቶች አሉ፤ እነሱም ተራቸው ሲደርስ ያልቃሉ። ውሉ ሊኩዊድሜታል አዲስ የሚፈጥረውንም ለአፕል እንዲያካፍል ያስገድድ ነበር። ያም ጥቂት ጊዜ ተራዝሞ በፌብሩዋሪ 2016 ቆሟል።

የቅይጡ አዘገጃጀትም ምስጢር አይደለም። ፓተንት ማለት መብት ለማግኘት አሠራሩን ለሕዝብ መግለጥ ነው። ከ100 አቶም 41.2 ዚርኮኒየም፣ 13.8 ቲታኒየም፣ 12.5 መዳብ፣ 10 ኒኬል፣ 22.5 ቤሪሊየም። ይኸው። ለዚህ ማንም አያስረኝም።

ታዲያ ይህን ይዤ ነገ ኮምቦልቻ ላይ ልሠራው እችላለሁ? አልችልም። የመጨረሻው ክርክራቸው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። «ሕግ ይይዘናል» ይላሉ። የሚይዘኝ ሕግ አይደለም። አየር አልባ ማቅለጫ የለኝም። ንጹሕ ዚርኮኒየም የሚሸጥልኝ የለም። የቀለጠው ቅይጥ ውስጥ ስንት ኦክስጅን እንደገባ የሚለካልኝ የለም። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2017 ሲመረቅ ደስ ብሎኛል፤ ግን ያለው በአብዛኛው ጨርቃ ጨርቅና አልባሳት ነው።

ጸሐፊው የቴዎድሮስን ሴባስቶፖል ጠቅሰዋል። «ያኔ ፓተንት ቢኖር መድፉ ባልተሠራ ነበር» ብለዋል። ወሎዬ ሆኖ ይህን ማንሳት ጥሩ ነው፤ መድፉ እስከ ዛሬ መቅደላ አናት ላይ ነውና። ግን ታሪኩ የሚናገረው የእሳቸውን ተቃራኒ ነው። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ያንን ነገር ጋፋት ላይ ያቀለጡት ንጉሡ በግድ ያሠሯቸው አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ናቸው። በገደል በሸለቆ ተጎትቶ መቅደላ ደረሰ። በ1868 ንጉሡ ወደቁ፤ ባለሙያዎቹም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። መድፉ ቀረ። ማን ቀጥሎ ሁለተኛውን አቀለጠ? የከለከለን ፓተንት አልነበረም። እውቀቱ በሰዎቹ እጅና ጭንቅላት ውስጥ ነበርና አብሯቸው ሄደ። የራሳችንን ቀጥቃጭ ደግሞ ቡዳ እያልን ከገበያ ዳር እናስቀምጠው ነበር። ይህን ፈረንጅ አላስተማረንም።

አሁን ስለ ሕጉ። በውጭ አገር የተሰጠ ፓተንት እዚህ ካልተመዘገበ እዚህ አይሠራም። አሜሪካ የተመዘገበ መብት ሠርተህ አሜሪካ ልትልክ ስትል ይይዝሃል፤ ኮምቦልቻ ሠርተህ ወልድያ ስትሸጥ አይደለም። ይጣል የሚሉት የ1995ቱ አዋጅ ቁጥር 123 ደግሞ ለእኛ እንዲመች ተደርጎ የተጻፈ ነው። ፓተንት የሚሰጠው ለ15 ዓመት ነው። አምስት ዓመት የሚጨመረው ፈጠራው ኢትዮጵያ ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። ይዞ ለሚተኛ ጭማሪ የለም። ሌላም አለ። ውጭ ፓተንት ያለውን፣ እዚህ ግን ያልተመዘገበውን ነገር አገር ውስጥ አምጥቶ ለሚሠራ ሰው፣ አዋጁ እስከ አሥር ዓመት የሚደርስ የራሱ መብት ይሰጣል። የእህል መውቂያ አሻሽሎ ለሠራ የደሴ ወርክሾፕ ደግሞ የግልጋሎት ሞዴል የሚባል አነስ ያለ ሰርተፍኬት አለ፤ አምስት ዓመት፣ ሊታደስ የሚችል። ይህን ሁሉ ጥለን በምን እንተካው?

ከዚሁ ቤተሰብ ለእኛ የሚጠቅም ብረት ካስፈለገ ደግሞ ስልክ ላይ ባንፈልገው ይሻላል። ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር ላይ ነው ያለው። ብረት፣ ቦሮንና ሲሊከን ቀላቅለው በቀጭን ሪባን መልክ በፍጥነት ያቀዘቅዙታል። ሪባኑ ተጠቅልሎ የትራንስፎርመሩ ልብ ይሆናል። እንዲህ ያለው ልብ ማንም መብራት ባይጠቀም እንኳ ሌት ተቀን በከንቱ የሚባክነውን ኃይል፣ ከተለመደው የሲሊከን ብረት ጋር ሲነጻጸር በሁለት ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል። የመጀመሪያዎቹ ፓተንቶቹ ካለቁ ቆይተዋል። ቻይናና ሕንድ በሰፊው እየሠሩበት ነው። የገጠሩ መስመር ላይ ጭነቱ ቀን ቀን ትንሽ በሆነበት እንደ እኛ ባለ አገር፣ የሚባክነው የልቡ ኃይል ነውና ጥቅሙ ይበልጣል። ማንም አልቆለፈውም። ስለሱ የተጻፈ ቁጭት ግን አላነበብኩም።

አንድ ጥያቄ ለጸሐፊው ልተው። ሕጉ ይጣል ሲሉ የትኛውን አንቀጽ ማለታቸው ነው? ሳይሠሩበት ይዘው የሚተኙትን የሚመለከተው ክፍል ላልቷል፣ ይጥበቅ የሚሉ ከሆነ እኔም እፈርማለሁ። አስገብቶ ለሚሠራ መብት የሚሰጠውንም አብረን እንጣል ከሆነ ግን፣ መጀመሪያ የሚጎዳው አፕል ሳይሆን እዚህ ኮምቦልቻ ማሽን ከውጭ አምጥቶ ለመሥራት የተበደረው ሰውዬ ነው።